መርዶው እስከ ሐሙስ ይቆይ

ማክሰኞ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሯ ሲንኳኳ ትርሲት ገና ፊቷን አልታጠበችም ነበር። ስትከፍት የእድሩ ዳኛ አቶ ሰይፉና ጎረቤቷ ወይዘሮ አልጣሽ ጎን ለጎን ቆመዋል። ወይዘሮ አልጣሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አቶ ሰይፉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሁለቱም ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አሽሽተው መሬት መሬት ያያሉ።

በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አቋቋም፣ ሁለት ሽማግሌ በር ላይ ሲገኝ ለምን እንደሚመጣ ትርሲት ታውቃለች። ድሬዳዋ የሚሠራ ወንድም አላት። ሐሳቧ በቀጥታ ወደ እሱ ሄደ።

«ወንድሜ ነው?» አለች የበሩን መቃን ይዛ። «ንገሩኝ! ወንድሜ ነው? ወይኔ—»

ወይዘሮ አልጣሽ ዘለው አፏን በመዳፋቸው ከደኑት። «ዝም! ዝም በይ አንቺ ልጅ፣ ሕንፃውን ልትቀሰቅሺው ነው? ያንቺ አይደለም።»

«ወንድምሽ ደህና ነው» አሉ አቶ ሰይፉ በሹክሹክታ። «መርዶ ልንነግርሽ አልመጣንም። መርዶ እንዳይነገር ልናስጠነቅቅሽ ነው የመጣነው።»

ገብተው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ትርሲት በሩን ዘጋች።

«ሰኞ ከሰዓት ነው የሆነው» አሉ አቶ ሰይፉ። «አፋር ካለው የጨው ማዕድን ትናንት አመሻሽ ላይ ደወሉልኝ። የእድሩ ዳኛ እኔ እንደሆንኩ ከፋይሉ አይተው ነው። ሙቀቱ ነው አሉኝ። ከፈረቃ ሲወጣ ወደቀ፣ አልተነሳም። አስከሬኑ ዓርብ ይገባል።»

«የማን?»

«የአንተነህ። የየሺመቤት ልጅ።»

ትርሲት ጣሪያውን ቀና ብላ አየች። እትዬ የሺመቤት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእሷ ክፍል በላይ ነው የሚኖሩት። ባል ሞቶባቸዋል፤ ከአንተነህ ሌላ ልጅ የላቸውም። ትርሲት ሕንፃው ሥር ዳቦ ቤቷን ከከፈተች ጀምሮ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ከእሷ ጋር ሊጥ ያቦካሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወርደው ሽርጣቸውን ያስራሉ።

«ታዲያ አሁኑኑ እንንገራቸው እንጂ! ገና እየነጋ ነው፣ ሰዓቱ ነው» አለች።

አቶ ሰይፉ በጣታቸው በሩን አመለከቱ። ደረጃው መግቢያ ላይ ያለው ሰሌዳ በየማለዳው የሚናገርበት ጊዜ ደርሶ ነበርና፣ የተቀዳ የሴት ረጋ ያለ ድምፅ በበሩ ሥር ገባ፦ «እንደምን አደራችሁ። ቀጠና አሥራ አራት፣ ሃያ ነጥብ ስድስት።»

ወለድ ለአገሩ ሁሉ አንድ መሆኑ የቀረው ትርሲት ልጅ ሳለች ነው። ማዕከላዊው ባንክ የአንዱ ሰፈር ገበያ ሲግል የሌላው እየበረደ አስቸገረኝ ብሎ ለየቀጠናው ለየብቻ መቁረጥ ጀመረ። ሰዉ በሳምንቱ ውስጥ ብዙ ከገዛ ወለዱ ይወጣል፤ እጁን ከሰበሰበ ይወርዳል። ሰሌዳው በየቀኑ ግምቱን ይናገራል፤ የሚጸናው ግን ሐሙስ እኩለ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ የሚለው ቁጥር ነው። የቀጠናው ሰው ሁሉ ብድር ያን ቁጥር ተከትሎ ይሄዳል።

ትርሲት የዳቦ ቤቷን ምድጃ በብድር ስትገዛ ወለዱ አሥራ አንድ ነበር። አሁን የወር ክፍያዋ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። የብድር ውሏ ወለዱ ሃያ አንድ ሲደርስ ይዘጋል፤ በብድር የተገዛው ዕቃ ወደ ባንኩ ይመለሳል። ሲዘጋ ማንም መጥቶ አያሽግም፤ ምድጃው በራሱ ይቆለፋል።

«ድንኳን» አሉ አቶ ሰይፉ በጣታቸው እየቆጠሩ። «ሦስት ቀን የሚቀመጥ ለቀስተኛ። ባቄላ፣ ስኳር፣ ውኃ፣ ለቀብር ሦስት አውቶቡስ። የአቶ ድንበሩ ለቅሶ በአንድ ቀን ነጥብ ሰባት አስጨመረ፣ ታስታውሻለሽ። ሃያ አንድ ላይ የሚዘጋ ውል በዚህ ሕንፃ ብቻ አሥራ አንድ አለ። አንዱ ያንቺ ነው። አንዱ የልጄ ቤት ነው፤ ሦስት ሕፃን ይዛ የምትኖርበት።»

«ሁለት ቀን ነው» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። «ሐሙስ ስድስት ሰዓት ይለፍ፤ ዓርብ ሲነጋ በወጉ እንነግራታለን። አስከሬኑም ያኔ ነው የሚገባው። ለቅሶው ያወጣውን ወለድ እስከሚቀጥለው ሐሙስ እጃችንን ሰብስበን እናወርደዋለን። ምን ይቀርባታል? ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ተኛች።»

«ለሌሎቹ ዐሥር ቤቶች ነግረናል» አሉ አቶ ሰይፉ። «ለአንቺ ግን በተለይ የመጣነው አብራሽ ስለምትውል ነው። ፊትሽን ጠብቂ።»

ትርሲት እሺ አላለችም። እምቢም አላለችም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዝምታዋን እንደ እሺ ቆጥረው ተነሡ።

የደብረ ብርሃን ጉም ገና አልተነሣም ነበር እትዬ የሺመቤት መዳፋቸውን እያፋተጉ ዳቦ ቤቱ ሲገቡ።

«ኧረ ብርዱ! ምድጃሽን ክፈቺውና ልግባበት» አሉ። ከዚያ ቆም ብለው አዩአት። «ምነው? ፊትሽ እርሾ ያልገባበት ሊጥ መስሏል።»

«ወለዱ ነው እትዬ።»

«ወለድ፣ ወለድ! በእኛ ጊዜ ወጣት የሚከሳው በፍቅር ነበር።» ሳቁ። ሳቃቸው ከሆዳቸው የሚወጣ፣ ትከሻቸውን የሚነቀንቅ ነው። ትርሲትም ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ ግን አልታዘዝ አላት። ዞራ ዱቄት ስትነፋ ቆየች።

በቀን ስድስት መቶ ዳቦ ትጋግራለች፤ ከዚያ አታልፍም። የእሷ ሽያጭ የቀጠናው ግዢ ነው። ብዙ በሸጠች ቁጥር የምትከፍለው ወለድ ይወጣል። ስለዚህ ስድስት መቶኛው ሲወጣ፣ ሰልፉ ገና እስከ ጥጉ ተዘርግቶ ሳለ፣ መስኮቱን ትዘጋለች።

«ዱቄት እያለሽ!» አለ በዚያን ዕለትም አንድ ሰውዬ ከመስኮቱ መስተዋት ማዶ።

«ዱቄት አለ፣ ወንድሜ» አሉ እትዬ የሺመቤት። «ቁጥር ነው የጨረስነው። ነገ ማልደህ ና።»

ሰውየው አጉረመረመ እንጂ አልተጣላም። ማንም አይጣላም። አዲስ ጫማ የገዛ ሰው ሕንፃው በር ከመድረሱ በፊት ጭቃ ያስነካዋል። የሥጋ ሽታ የሚወጣበት ቤት መስኮቱን ይዘጋል። ትልቅ ዕቃ መግዛት የፈለገ እድሩ ዘንድ ይመዘገብና የወጪ ተራውን ይጠብቃል፤ ለሠርግ ተራው ሁለት ዓመት ደርሷል፤ ሁለት ሙሽሮች ሲጠብቁ ተጣልተው ተለያይተዋል።

«ዓርብ የእኔ ተራ ነው» አሉ እትዬ የሺመቤት ጠረጴዛውን እየጠረጉ። «አሥራ አንድ ሳምንት ጠብቄ! ፍራሽ ነው የምገዛው። አንተነህ ለበዓል ሲመጣ ዘንድሮ ወለል ላይ አይተኛም። ባለፈው ወገቡን ይዞ እንደ ሽማግሌ ሲነሣ አይቼ፣ ‹አባትህን መሰልክ› ብዬ ስቄበት፣ ኋላ ግን አለቀስኩ።» ጨርቁን ጨመቁት። «ነገ ይደውላል። ረቡዕ አራት ሰዓት፣ ከዚያች ደቂቃ ዝንፍ አይልም። ስለ ፍራሹ እንዳትነግሪው፣ አደራ።»

«አልነግረውም» አለች ትርሲት።

ወደ ሳፋው ተመልሳ ለነገ የሚሆነውን ዱቄት መመጠን ጀመረች። 

ረቡዕ ጠዋት ሰሌዳው ሃያ ነጥብ ሰባት አለ። በሦስት ሰዓት ትርሲት ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሃያ ነጥብ ስምንት ሆኗል። ቆማ አየችው። ሠርግ የለም፤ በዓል የለም፤ የተመዘገበ ተራ የለም። ቁጥሩ ግን ይወጣል።

በአራት ሰዓት እትዬ የሺመቤት እጃቸውን ታጥበው፣ ስልካቸውን ከሽርጣቸው ኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አራት ከሩብ ሆነ። አራት ተኩል ሆነ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ከሳፋው ጠርዝ አለፈ፤ ማንም አልነካውም።

«እስቲ አንቺ ደውዪልኝ» አሉ። «ይጮህ እንደሆነ ልየው።»

ትርሲት ደወለች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ጮኸ። ሁለቱም እስኪያቆም ድረስ አዩት።

«ይሠራል» አሉ እትዬ የሺመቤት። መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። «ፈረቃ ቀይረውበት ይሆናል።»

ከቀትር በኋላ ትርሲት ጨው ልትገዛ በሚል ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የመኪያ ሱቅ ተሻገረች። መኪያ ባዶ ኬሻ እያጠፈች ነበር።

«ባቄላ አለቀብኝ» አለች ሳትጠየቅ። «ስኳርም ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። በአንድ ቀን! እያንዳንዱ ሰው ጎንበስ ብሎ ይመጣና፣ ‹አንድ ኪሎ ብቻ፣ ለማንም እንዳትነግሪ› ይለኛል። ሁሉም ነገር ምስጢር ሆነ እኮ! ቢያንስ ሃያ ሴት ደግሞ ጥቁር ሻርፕ ጠየቀችኝ። እኔ ሻርፕ ሸጬ አውቃለሁ? ምን ሆናችኋል ትርሲት?»

ትርሲት ጨዉን ሳትይዝ ወጣች። አቶ ሰይፉን ያገኘቻቸው ደረጃው መግቢያ ላይ፣ ከሰሌዳው ሥር፣ የፕላስቲክ ወንበር ስበው ተቀምጠው ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ማን ነው የሚገዛው?» አለች።

«ሁሉም።»

«እንዳይገዙ ነግራችኋቸው ነበር እኮ።»

«ስለነገርናቸው ነው የገዙት።» አቶ ሰይፉ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ኢኮኖሚክስ ያስተምሩ ነበር፤ አሁንም ሲናገሩ ጣታቸው ጠመኔ የያዘ ይመስላል። «ለዐሥር ቤት ነገርን፤ ዐሥሩ ለዘመዱ ነገረ። ዓርብ ለቅሶ አለ ማለት ዓርብ ባቄላ ይወደዳል ማለት ነው። ወለዱም ይወጣል ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉም፣ ‹እኔ ብቻዬን፣ ዛሬ፣ አንድ ኪሎ ብገዛ ምን ይለዋል› አለ። ባንኩ ወለድ የሚያወጣው ሰው እንዲፈራና እንዳይገዛ ነው። የእኛ ሰው ግን ነገን ስለፈራ ዛሬ ገዛ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ምዕራፍ ነው፤ ፈተና ላይም አወጣው ነበር።»

«እርስዎስ?»

አቶ ሰይፉ ባርኔጣቸውን አዟዟሩት። «እኔ አልገዛሁም» አሉ። ባርኔጣውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ «ባለቤቴ ሁለት ኪሎ ስኳር ገዝታለች» አሉ።

ከላያቸው ሰሌዳው ብልጭ አለ። ሃያ ነጥብ ዘጠኝ።

«ገና ከሃያ አንድ በታች ነን» አሉ። «አሁን የሚገዛ ነገርም እያለቀ ነው። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ማንም ካልተነቃነቀ እናልፋለን። ማንም።»

ትርሲት ስትመለስ እትዬ የሺመቤት በመስተዋቱ በኩል መንገዱን እያዩ አገኘቻቸው።

«ሰው ሞቷል» አሉ ሳይዞሩ።

ትርሲት ከኋላዋ በሩን ዘጋች።

«እኔን ማን ያታልለኛል? አርባ መርዶ ተናግሬያለሁ። ሰው ባቄላ ከካፖርቱ ሥር ደብቆ ሲገባ የሚሆነውን አላውቅም? ለሐሙስ ብለው ነው ያቆዩት፣ አይደል?»

«አዎ» አለች ትርሲት። ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም።

«ለእኔ ያልነገሩኝ ቀድሜ ስለማለቅስ ነው። አልጣሽ ታውቀኛለች፤ እንባዬ ቅርብ ነው።» እትዬ የሺመቤት መጥረጊያውን አነሡ። «ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሽማግሌ ይሆናሉ፤ ሳሉ ጠንቶባቸው ነበር። ነፍስ ይማር። ማን እንደሆነ ግን አልጠይቅሽም፤ ምስጢሩን ልታወጪ አትችዪም። ደግ አደረጉ። የሞተ ሰው በሁለት ቀን አይነሣ፤ አሥራ አንድ ቤት ከሚዘጋ ይቆይ። የእኔ ቢሆንም ‹አቆዩት› ነበር የምለው።»

ትርሲት ይህን ስትሰማ ደረቷ ላይ የተጫነው ነገር ቀለል አላት። ቀለል ማለቱን ስታውቅ ደግሞ በራሷ አፈረች። ያም ሆኖ ቃሉን ይዛው ወደ ቤቷ ገባች። ‹የእኔ ቢሆንም አቆዩት ነበር የምለው።› ራሳቸው ብለዋል። ስታጥብ፣ ስትበላ፣ አልጋዋን ስታነጥፍ ደጋገመችው።

ሐሙስ ማለዳ ሰሌዳው ሃያ ነጥብ ዘጠኝ አለ፤ ከዚያም አልተነቃነቀም። ሕንፃውም አልተነቃነቀም። መኪያ ሱቋን ጨርሶ አልከፈተችም። እናቶች ልጆቻቸውን መንገድ ላይ ማስቲካ እንዳይገዙ ብለው ከትምህርት ቤት አስቀሯቸው። ታክሲ የሚሳፈር በእግሩ ሄደ። ዳቦ ቤቱ ሰልፍ የለውም፤ ትርሲት የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቶ ጋግራ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች፤ ሦስት ሰው ብቻ መጣ። ከመስኮቱ ሆና ስታይ በየሰገነቱ ላይ ሰዎች ቆመው መንገዱን ይጠብቃሉ፤ አንድ ሰው ዘንቢል ይዞ ቢታይ ሁሉም ራሱን ወደዚያ ያዞራል።

እትዬ የሺመቤት አልወረዱም። በአራት ዓመት ውስጥ አርፍደው አያውቁም።

አራት ሰዓት ከዐሥር ላይ መጡ። ሽርጥ አላሰሩም። ደህና ካፖርታቸውን ለብሰዋል፣ በአንድ እጃቸው ትንሽ የጉዞ ቦርሳ፣ በሌላው ፌስታል ይዘዋል።

«ይቅርታ ልጄ፣ ዛሬ ብቻሽን አዋልኩሽ» አሉ። «አፋር ልሄድ ነው። አውቶቡሱ አምስት ሰዓት ነው የሚነሣው። አንተነህ ስልክ አያነሣም። ሌሊቱን ሙሉ ሞከርኩ። ታሞ ተኝቶ ይሆናል፤ እዚያ ማን ውኃ ያቀብለዋል?»

ትርሲት ሰዓቱን አየች። «ነገ ቢሄዱስ? ወይም ከሰዓት... ከሰባት ሰዓት በኋላ ሌላ አውቶቡስ አይጠፋም።»

«ልጄ ታሞ?» አሉ። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ይህን ደግሞ ለሞተበት ቤት ስጪልኝ። የዓርቡን የፍራሽ ተራዬን ለአልጣሽ ለቅቄ፣ በፍራሹ ገንዘብ ትናንት ማታ ነው የገዛሁት። ባቄላው አልቆ ስኳርና ሻማ ነው ያገኘሁት። ፍራሹ ይቆያል፤ አንተነህ ወጣት ነው፣ ወለል ላይም ይተኛል። ለቅሶው ላይ ሳልቀመጥ ብቀር እንዳይቀየሙኝ። ‹የሺመቤት ልጇ ታሞባት ነው የሄደችው› በያቸው።»

ስኳሩ ሦስት ኪሎ ነው። ሻማው በጋዜጣ ተጠቅልሏል። ትርሲት እጇን ዘረጋችና መለሰችው።

አውቶቡሱ አምስት ሰዓት ይነሣል። እሳቸው ቁልቁል ወደ አፋር ሲወርዱ አስከሬኑ ሽቅብ ወደ ደብረ ብርሃን ይወጣል። መንገድ ላይ፣ የሆነ ቦታ፣ ሁለቱ መኪኖች ይተላለፋሉ። ስድስት ሰዓት ሊሆን አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ቀርቷል። ምድጃው ከጀርባዋ ያጉረመርማል።

«ተቀበዪኝ እንጂ» አሉ እትዬ የሺመቤት።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሲነጋ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ አንዲት ጠንካራ ሴት ከጀርባ ቆማ እንድትይዝ ተደርጎ፣ ዘመድ ተጠርቶ ነው። ትርሲት ይህን ሁሉ ታውቃለች። እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው፤ ብቻዋን ናት።

«እትዬ፣ ይቀመጡ» አለች።

እትዬ የሺመቤት አልተቀመጡም። ይህን ቃል እሳቸው ለአርባ ሰው ብለውታል። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ፌስታሉን አዩ፤ ትርሲትን አዩ፤ እጃቸው ወደ ስልካቸው ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ።

«ለምን እቀመጣለሁ?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ሌላ ማን አለኝ?»

ትርሲት ራሷን ብቻ ዝቅ አደረገች።

«ከመቼ?»

«ሰኞ ነው። እኛ... እኔ የሰማሁት ማክሰኞ ነው።»

«ማክሰኞ» አሉ እትዬ የሺመቤት። ለአፍታ የሆነ ነገር የሚቆጥሩ መሰሉ። «ማክሰኞ ስቄያለሁ። እዚህ ቆሜ። አይተሽኛል።»

«እትዬ—»

ልትይዛቸው ስትጠጋ ገፈተሯት። ጩኸቱ የመጣው ያኔ ነው። አንድ ስም ነበር፤ ደጋግመው የጠሩት። በዳቦ ቤቱ የጓሮ በር ወጣ፣ በደረጃው ሽቅብ ሄደ፣ በየፎቁ ደረሰ።

ሰዎቹ ሰሌዳውን አላዩም ማለት አይቻልም። አይተውታል። በሮቹ ለጥቂት ጊዜ እንደተዘጉ ቆዩ፤ ያን ጊዜ በሕንፃው ውስጥ የሚሰማው የአንዲት ሴት ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ በር ተከፈተ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ በኋላ ሁሉም አንድ ላይ እየሮጡ ወረዱ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ወንዶቹ ጃኬታቸውን መንገድ ላይ እየለበሱ።

አቶ ሰይፉ መጨረሻ ላይ ደረሱ። ትርሲትን አዩአት። ቁጣ አልነበረም ፊታቸው ላይ፤ የደከመው ሰው ፊት ነበር።

«አንድ ሰዓት ተኩል» አሉ። «አንድ ሰዓት ተኩል ነበር የቀረው።»

«አውቶቡስ ሊሳፈሩ ነበር» አለች ትርሲት።

አቶ ሰይፉ የጉዞ ቦርሳውን ወለል ላይ አዩት።  ከዚያ ወደ ጎረምሶቹ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦ «ድንኳኑን አውጡ! አልጣሽ፣ ውኃና ወንበር እዘዢ። ሦስት አውቶቡስ። መኪያን ሱቁን ክፈቺ በሏት።»

ሁሉም ለማዘዝና ለመክፈል ስልኩን አወጣ።

ስድስት ሰዓት ላይ ድንኳኑ ቆሞ ነበር። የሰሌዳዋ ሴትዮ በለቅሶው መሐል በዚያው በረጋ ድምፅ ተናገረች፦ «እንደምን ዋላችሁ። ቀጠና አሥራ አራት፣ ሃያ አንድ ነጥብ ሦስት።» ከድንኳኑ ውስጥ ሦስት አራት ሰዎች ራሳቸውን ቀና አድርገው መልሰው ደፉት። የአቶ ሰይፉ ልጅ ትንሹን ሕፃን ጭኗ ላይ እንዳደረገች አልተነሣችም።

ትርሲት ዳቦ ቤቱ ደፍ ላይ ሆና ምድጃው ሲቆለፍ ሰማችው። ቀጭን ድምፅ ነው። መብራቱ ጠፋ። እጀታውን ሁለት ጊዜ ሞከረችው፣ ከዚያ ተወችው። ሳይሸጥ የቀረውን ዳቦ ሁሉ ከመደርደሪያው አውርዳ ወደ ድንኳኑ ወሰደች፤ ማንንም አላስከፈለችም። እትዬ የሺመቤት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ስለነበር አላዩአትም፤ ወይም አይተዋት እንዳላዩ ሆኑ።

አንተነህ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀበረ። ሰኞ ዕለት ሁለት ሰዎች የጭነት መኪና ይዘው መጥተው የትርሲትን ምድጃ ፈትተው ወሰዱ። በሚቀጥለው ሐሙስ፣ በቀጠናው ማንም የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው፣ ወለዱ ወደ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ አራት ወረደ።